«ውለዱ ክበዱ» ከተባለ በኋላ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በሚሳፈረው ሰልፍ መሐል ቡናማ ፖስታ ያቀፈች ሴት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ኮልፌ ቀራንዮ የሕክምና መንገደኛ የማይጠፋበት ክፍለ ከተማ ነው። ዘነበወርቅ አለርት አለ፣ በአጎራባቹ ጉለሌ ጳውሎስ አለ፣ በመካከሉ ደግሞ በየማዞሪያው የግል ክሊኒክ ተደርድሯል። ልጅ ፈልጋ የምትመላለስ ሴት ፖስታ በዓመታት ውስጥ ይወፍራል፤ ማዕዘኑ ይበላል፣ አፉ በፕላስተር ይያያዛል። ውስጡ ሁለት መስመር የማይሞላ የአልትራሳውንድ ውጤት አለ፤ በግራ በኩል አራት ሴንቲ ሜትር ሲስት ታይቷል ይላል። ከተለያየ ክሊኒክ የተጻፈ የኢንፌክሽን መድኃኒት ማዘዣ፣ የሆርሞን ምርመራ፣ ምናልባትም የማህፀን ቱቦ ራጅ ይኖራል። ከእንዲህ ዓይነቱ ፖስታ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አንድ ወረቀት ነው፤ የባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ውጤት።

ይህ ዘገባ የሚከራከረው በዚያ ፖስታ ውስጥ ስላለው ቅደም ተከተል ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባት ሴት ልጅ ስትፈልግ የሚጎዳት የሕክምናው ውድነት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ መደረግ ያለበት መጨረሻ ላይ፣ በጥንቃቄ ተመዝኖ መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት መጀመሪያ ላይ መደረጉም ይጎዳታል። ገንዘብ ቢያልቅ በእቁብም፣ በዘመድም፣ በብድርም ይተካል። በኦቫሪ ውስጥ ያለው እንቁላል ግን አንዴ ከወጣ አይተካም፤ ሴት ልጅ የምትወለደው የዕድሜ ልክ እንቁላሏን ይዛ ነው። ስለዚህ በዚህ ሕመም ላይ የትኛው ሕክምና ይሻላል ከማለት በፊት የቱ ይቅደም ማለት ይገባል። የቱ ይቅደም የሚለው ጥያቄ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ካልተነሣ ቤተሰቡ ያለውን ጥሪት ከጊዜው ጋር አብሮ ያጣል።

ሕመሙን ከሥሩ እንየው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ በኦቫሪ፣ በቱቦ፣ በአንጀት ወይም በፊኛ ላይ ሲበቅል የሚመጣ ነው። ሕዋሱ ያለቦታው ቢበቅልም እንደ ማህፀን ግድግዳ ሁሉ ለወሩ ሆርሞን ይታዘዛል፤ ያብጣል፣ ይደማል። የማህፀኑ ደም በወር አበባ ይወጣል፣ የዚህኛው ግን መውጫ የለውም። ደሙ ዙሪያውን ያስቆጣል፣ ቁጣው ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ደግሞ ተለያይተው መንቀሳቀስ የሚገባቸውን አካላት እርስ በርስ ያጣብቃል። በኦቫሪ ውስጥ የተጠራቀመው አሮጌ ደም ጠቁሮ ስለሚወፍር ሐኪሞች «ቸኮሌት ሲስት» ይሉታል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የሕመሙ መነሻ በቱቦ በኩል ወደ ሆድ ዕቃ የሚመለስ የወር አበባ ደም ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን የደሙ ወደ ኋላ መመለስ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚሆን ነገር ስለሆነ ለምን አንዷ ታማ ሌላዋ እንደምትቀር ብቻውን አይመልስም። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች ሕመሙ እንዳለባቸው ይገምታል። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሕመሙ ስም ያለው መዘግየት ደግሞ ከ4 እስከ 12 ዓመት ይደርሳል።

ይህ መዘግየት ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጩ ቤት ውስጥ ነው። በወር አበባዋ ቀን ወገቧን ይዛ የተኛች ተማሪ «ሴት አይደለሽ? ቻይው» ትባላለች። ጦስኝ ይፈላላታል፣ ትኩስ ውኃ በጠርሙስ ተሞልቶ ሆዷ ላይ ይደረጋል፣ ከፍ ስትል ደግሞ «ስታገቢ ይለቅሻል»፣ ስታገባ «ስትወልጂ ይለቅሻል» ይባላል። ምክሩ ከፍቅር የሚመነጭ ነው፤ እናትም አክስትም የራሳቸውን ሕመም የቻሉት እንዲሁ ነው። ሐቁ ግን እርግዝና ሕመሙን ለጊዜው ሊያስታግሰው ቢችልም አያድነውም። ከዚህም በላይ «ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለው ቃል ሕመሙ መውለድን ራሱን ሊያስቸግር የሚችል መሆኑን ይሸፍናል። ከትምህርት ገበታ በየወሩ የሚያስቀር፣ የሚያስመልስ፣ ሽንትና ሰገራ ሲወጣ የሚወጋ ወይም በግንኙነት ጊዜ ጠልቆ የሚሰማ ሕመም «የሴት ወግ» አይደለም፤ ካርድ የሚያስወጣ ምልክት ነው።

ሌላው የመዘግየት ምንጭ ግን ከሕክምናው ወገን ነው፤ ይህም ረጅም ታሪክ አለው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የቦስተኑ ሐኪም ጆ ሜግስና የሐሳቡ ተከታዮች ኢንዶሜትሪዮሲስን ዘግይተው የሚያገቡና የሚወልዱ የባለጸጋ ነጭ ሴቶች ሕመም አድርገው አስተማሩ። ጥቁር ሴት በታችኛው ሆዷ ሕመም ስትመጣ ከመመርመሯ በፊት መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኢንፌክሽን ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ቻትማን የተባሉ የቺካጎ ሐኪም የጥቁር ታካሚዎቻቸውን ሆድ ዕቃ በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ፣ ሲያዩ ኢንዶሜትሪዮሲስ ካገኙባቸው ብዙዎቹ አስቀድሞ ኢንፌክሽን ነው የተባሉ ነበሩ። ሕመሙ ያልታየው ስላልነበረ ሳይሆን ስላልተፈለገ ነው። ይህ የቺካጎ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። በአገራችን የማህፀን ቱቦን የሚዘጋ ኢንፌክሽን በእርግጥም የመካንነት ትልቅ መንስኤ ነው፤ የመራቢያ አካል ቲቢም አለ፣ በአልትራሳውንድም በሕመሙም ከኢንዶሜትሪዮሲስ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ኢንፌክሽንን መጠርጠሩ ትክክል ነው። ስሕተት የሚሆነው አንድ ጊዜ ያልሠራው አንቲባዮቲክ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሲጻፍ ነው። ፖስታው ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ ማዘዣ ካለ አራተኛው ከመጻፉ በፊት ጥያቄው መቀየር ነበረበት።

ኮልፌ ቀራንዮ ይህን ጉዳይ ለማሰብ የሚገባ ቦታ ነው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት መነሻው የሥጋ ደዌ ሕክምና ነበር። በመድኃኒት የሚድን ሕመም በኀፍረት ምክንያት ተደብቆ ጣትና እግር እስኪበላ የቆየበትን ዘመን ያየ ግቢ ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ እንደ ሥጋ ደዌ አይተላለፍም፣ ፊት ላይም አይወጣም። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ሕመሙ ስም እንዳያገኝ የሚያደርገው ዝምታ ከሕመሙ እኩል ይጎዳል። ሠርጉ ላይ ሽማግሌዎች «ውለዱ ክበዱ» ብለው መርቀዋል። ሁለተኛው ዓመት ሲገባ ያው ምርቃት በቡና ላይ ጥያቄ ሆኖ ይመለሳል፤ «ምነው ዝም አልሽ?» ጥያቄው ደግሞ ሁልጊዜ ለእሷ ነው። ለእሱ «ምነው ዝም አልህ?» የሚለው ጎረቤት አልተፈጠረም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ተስፋንም ፍርሃትንም በልኩ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ችግር የሌለባቸው ወጣት ባልና ሚስት በአንድ ወር ውስጥ የመፀነስ ዕድላቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ሕክምና ያላገኘ ኢንዶሜትሪዮሲስ ሲኖር ይህ ዕድል ከ2 እስከ 10 በመቶ ይወርዳል ተብሎ ይገመታል። በወር 10 በመቶ ዕድል ያላቸው ቢታገሡ ከ100 ጥንዶች 72 ያህሉ በዓመት ውስጥ ይፀንሳሉ። በወር 2 በመቶ ለሆነባቸው ግን በዓመቱ ማብቂያ የሚፀንሱት 21 ወይም 22 ብቻ ናቸው። ሁለቱም «ኢንዶሜትሪዮሲስ አለብሽ» የተባሉ ናቸው፤ አንዷን «ጠብቂ» ማለት ጥሩ ምክር ሲሆን ለሌላዋ ዓመቷን መውሰድ ነው። ሕመሙ ካለባቸው ሴቶች ለመፀነስ የሚቸገሩት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ናቸው፤ ስለዚህ የሕመሙ ስም የመካንነት ፍርድ አይደለም። ደግሞም የሕመሙ ብርታት ከበሽታው ስፋት ጋር አይገጥምም። ጥቂት ነጠብጣብ ያለባት ሴት በየወሩ ልትወድቅ ትችላለች፣ ሁለቱም ኦቫሪዎቿ ከማህፀኗ ጀርባ የተጣበቁባት ደግሞ ምንም ሳይሰማት ኖራ ልጅ ሲዘገይ ብቻ ታውቀዋለች። ከስሜቷ ተነሥቶ መወሰን አይቻልም፤ መመርመር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ቋጠሮ አለ። ለሕመሙ የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎችም ሌሎቹ ሆርሞኖችም፣ ሕመሙን የሚያበርዱት እንቁላል እንዳይለቀቅ ወይም የወር አበባ እንዲቀንስ በማድረግ ነው። ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ፤ ልጅ ለማትፈልግ ሴት የመጀመሪያ ምርጫ መሆናቸውም ተገቢ ነው። እየወሰዱ ግን መፀነስ አይቻልም። «ስድስት ወር ወስደሽ ብታቆሚ በቀላሉ ትፀንሻለሽ» የሚለው ተስፋም በጥናት አልተደገፈም። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና የሥነ ጽንስ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የመፀነስ ዕድልን ለመጨመር ተብሎ ኦቫሪን የሚያሳርፍ ሆርሞን እንዳይታዘዝ ይመክራል። ስለዚህ ሴትየዋ የመጣችው ለሕመሙ ነው ወይስ ለልጅ የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን መነሣት አለበት። ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ነው፤ ሁለቱን ግን አንድ እንክብል አይመልሳቸውም።

እንግዲህ መጀመሪያ ምን ይደረግ? አንዲት የ33 ዓመት ሴት እናስብ፤ ዓመት ተኩል ሞክራለች፣ የወር አበባዋ ከልጅነት ጀምሮ ያማታል፣ በግራ ኦቫሪዋ ላይ ቸኮሌት ሲስት ታይቷል። ለመወሰን የሚያስፈልጉት መልሶች አራት ናቸው። የባሏ የዘር ፈሳሽ ቁጥሩ፣ እንቅስቃሴውና ቅርጹ እንዴት ነው? ቱቦዎቿ ክፍት ናቸው? እንቁላል በየወሩ ይለቀቃል? ኦቫሪዎቿስ ምን ያህል እንቁላል ቀርቷቸዋል? ለመጨረሻው መልስ የሚሰጡት ኤኤምኤች የሚባለው የደም ምርመራና በአልትራሳውንድ የሚቆጠሩት ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ከአራቱ ርካሹና ቀላሉ የባልየው ነው። በመላው ዓለም ከሚታዩት የመካንነት ጉዳዮች በግማሽ ያህሉ የወንድ ወገን ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተዳምሮ አለበት። እሷ ላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ መገኘቱ እሱን ከጥርጣሬ አያወጣውም። የዘር ፈሳሹ በጣም ደካማ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የእሷን ሲስት ቀዶ ጥገና ማድረግ፣ ዓመት መጠበቅ፣ እንክብል መዋጥ ሁሉ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ይሆናል።

«ወንዱን መጀመሪያ መመርመር በባህላችን ይከብዳል፤ ትዳር ያፈርሳል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደቱን አልክድም። ለአንድ ወንድ ናሙና ለመስጠት ላቦራቶሪ መሄድ፣ ስሙ ተጠርቶ ዕቃውን መቀበል ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠውን እንይ። በእሱ በኩል የአንድ ጠዋት ኀፍረት አለ። በእሷ በኩል ቀለም በማህፀን አንገት ገብቶ በራጅ የሚታይበት፣ የሚያም ምርመራ፣ ማደንዘዣና ቢላዋ አለ። ትዳር የሚያፈርሰው አንዷ ብቻዋን ተመርምራ፣ ብቻዋን ተወቅሳ፣ ብቻዋን ፖስታ አቅፋ ስትኖር ነው። ሐኪሙ «በቀጠሮው ሁለታችሁም ኑ» ብሎ ቢጽፍ እሷ ቤት ገብታ መለመን አይኖርባትም፤ ቃሉ የእሷ ሳይሆን የሐኪም ይሆናል።

ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ የሚነሣው ክርክር ከዚህ ይጠነክራል። «በሽታው ካለ ይውጣ፤ ከዚያ ልጁ ይመጣል» የሚለው አስተሳሰብ ለጆሮ ይገባል፤ ከፊሉም እውነት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በካናዳ በ341 ሴቶች ላይ የታተመ ጥናት ሕመሙ ቀላል ደረጃ ላይ ሆኖ በላፓራስኮፒ ከጸዳላቸው 30.7 በመቶዎቹ በ36 ሳምንት ውስጥ መፀነሳቸውንና እርግዝናው መጽናቱን አሳየ፤ ታይተው ብቻ ካልጸዳላቸው ግን 17.7 በመቶዎቹ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ሒሳቡን ስናወርደው ግን አንዲት ተጨማሪ እርግዝና ለማግኘት ስምንት ያህል ሴቶች መጽዳት አለባቸው ማለት ነው፤ በጣሊያን የተደረገ አነስ ያለ ጥናት ደግሞ ይህን ጥቅም አላገኘም። ለቸኮሌት ሲስት ሚዛኑ የበለጠ ስስ ነው። የሲስቱ ልጣጭ ከጤናማው የኦቫሪ ሥጋ ጋር ተጣብቆ ያደገ ስለሆነ የሠለጠነ እጅ እንኳ ሲልጠው ከሥሩ እንቁላል ይዞ ይወጣል፤ ከቀዶው በኋላ ኤኤምኤች የሚወርደው ለዚህ ነው። ሲስቱ በሁለቱም ኦቫሪ ላይ ከሆነ ወይም ቀዶው ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ኪሳራው ይጨምራል። በመርፌ መጥጦ መተው ደግሞ ኦቫሪውን ያን ያህል ባይጎዳም ሲስቱ ቶሎ ተመልሶ ይሞላል።

ታዲያ ቀዶ ሕክምና ይቅር ማለት ነው? አይደለም። ሕመሙ ኑሮዋን ካቃወሰ፣ ሲስቱ ካንሰር ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ፣ አንጀት ወይም የሽንት ቱቦ ከተያዘ፣ ወይም ወጣት ሆና፣ ቱቦዎቿ ክፍት፣ የባሏ ውጤት ደኅና፣ እንቁላሏም የተረፈ ሆኖ በራሷ ለመፀነስ የምትፈልግ ከሆነ፣ በሠለጠነ እጅ የሚደረግ አንድ ላፓራስኮፒ ሊጠቅማት ይችላል። ቃሉ «አንድ» ነው። እንቁላልና የዘር ፍሬን ከሰውነት ውጭ ወደሚያገናኘው ሕክምና፣ ወደ አይቪኤፍ፣ መሄዷ ከተወሰነ ግን፣ የአይቪኤፉን ውጤት ያሻሽላል ተብሎ ብቻ አስቀድሞ ቀዶ ሕክምና መደረግ እንደሌለበት ያው የ2022 መመሪያ ይናገራል። ሕመሙን ለማወቅ ብቻ ሆድ መክፈት ወይም ካሜራ ማስገባትም እንደ ቀድሞው ግዴታ አይደለም፤ ልምድ ባለው ሰው የሚነሣ አልትራሳውንድ ሲስቱንና ጥልቁን ሕመም ብዙ ጊዜ ያሳያል። እዚህ ላይ ለሐኪሞቻችን የምለው አለኝ፤ ከቀዶው በፊት ኤኤምኤች ታይቶ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ያ ቁጥር ሳይኖር የሚደረግ የሲስት ቀዶ፣ በመጋዘኑ ያለው እህል ሳይሰፈር በር እንደ መክፈት ነው።

ከቀዶው ሌላ ሁለት መንገድ አለ። አይዩአይ የተጣራ የዘር ፈሳሽን በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ማህፀን ማስገባት ነው፤ እንቁላል ከሚያነቃቃ መድኃኒት ጋር ተደርጎ፣ ሕመሙ ቀላል ደረጃ ላይ ላለና ቱቦዎቿ ክፍት ለሆኑ ሴቶች ይረዳል፣ ዋጋውም ከአይቪኤፍ ብዙ ያነሰ ነው። ሕመሙ ከጸናና አካላቱ ከተጣበቁ ግን በስድስትና በሰባት ዙር አይዩአይ ዓመት ማሳለፍ ከተስፋ ይልቅ ልማድ ይሆናል። አይቪኤፍ እንቁላሉንና የዘር ፍሬውን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ሽሉን ወደ ማህፀን ይመልሳል፤ የተዘጋውን ቱቦና የተቆጣውን ሆድ ዕቃ ዞሮ ያልፋል። ሐምሌ 25 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ኦልድሃም የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን እናትም ቱቦዎቿ ተዘግተው ዘጠኝ ዓመት የጠበቀች ነበረች። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በመንግሥት የሕክምና ዘርፍ የመጀመሪያውን የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፍት፣ ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ትኬት ለመቁረጥ አቅም ለሌለው ሰው በር ተከፈተ።

በሩ መከፈቱ ግን ሰዓቱን አያቆመውም። የእንግሊዝ የመካንነት ሕክምና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ 2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሐዝ ከ35 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች በራሳቸው እንቁላል በተደረገ አይቪኤፍ ወደ ማህፀን ከተመለሰ ከእያንዳንዱ ሽል የመውለድ ዕድላቸው 32 በመቶ መሆኑን ያሳያል፤ 43 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ከ5 በመቶ በታች ነው። በሰላሳ ሁለትና በአምስት መካከል ያለው ርቀት ከሕክምናው ጥራት የመጣ አይደለም፤ የዓመታት ልዩነት ነው። «ገንዘብ እስኪሞላ እንጠብቅ» የሚል ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት። ገንዘብ የማጠራቀም ውሳኔ ራሱ የሕክምና ውሳኔ ነው፤ ኤኤምኤችዋ ዝቅ ያለና 37 ዓመት የሆናት ሴት የእቁቡ ዕጣ መጀመሪያ እንዲደርሳት መለመን ያለባት ለዚህ ነው።

ወጪውን አቅልሎ ማየት ግን ሌላ በደል ነው። የአንድ ዙር አይቪኤፍ ትልቁ ሸክም መርፌው ነው። ሴትየዋ ለአሥር ወይም ለአሥራ ሁለት ቀን ያህል በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት ከእምብርቷ በታች ያለውን ቆዳ ቆንጥጣ ራሷን ትወጋለች። መርፌው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን ዋጋው ከዶላሩ ጋር መውጣቱ አልቀረም። ደግሞ ብዙው ፍሪጅ ይፈልጋል፤ በረዶ መሆንም፣ መሞቅም የለበትም። አለም ባንክ በሚባለው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አስቡት፤ በረዶ ከሱቅ ተገዝቶ በፔርሙዝ ይሞላል፣ መርፌው በረዶውን እንዳይነካ በፎጣ ይጠቀለላል፣ ባልየው በየሰዓቱ ክዳኑን ከፍቶ ያያል። ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚችል ቤተሰብ ከመርፌው በፊት ስለ ቅደም ተከተሉ የተሟላ ምክር ሊነፈገው አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከጤና በጀት ወገን የሚመጣው ነው። እናቶች በወሊድ በሚሞቱባት አገር የመንግሥት ገንዘብ ለመካንነት ይውላል ወይ? የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ100,000 ሕያው ልደት 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል፤ ይህን ቁጥር አይቶ ዝም የሚል ሕሊና የለም። ነገር ግን ከላይ የተባሉት የመጀመሪያ እርምጃዎች፣ ማለትም የዘር ፈሳሽ ምርመራ፣ የቱቦ ራጅና ጥሩ አልትራሳውንድ፣ ከወሊድ ክፍል አልጋ አይነጥቁም፤ የማይረባ አንቲባዮቲክና ያለጊዜው የተደረገ ቀዶ ሕክምና ግን ከሁሉም ይነጥቃሉ። «ሕዝባችን ብዙ ነው» የሚለውም ቢሆን ለአዲስ አበባ አይሠራም። ያው ጥናት የአገሪቱን አማካይ በአንዲት ሴት 4.6 ልጅ ሲያደርስ የአዲስ አበባው 1.8 ነበር፤ ከተማዋ ራሷን ከምትተካበት ልክ በታች ከሆነች ሁለት አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያም በላይ የቤተሰብ ምጣኔ ማለት መቼና ስንት ልጅ እንደሚወለድ መምረጥ ከሆነ መውለድ ያልቻለው ሰው ከዚያ ምርጫ ሊወጣ አይገባም።

ሌላው በእምነት በኩል የሚነሣው ነው። ጠበልና ስለት፣ ዱዓና ሰደቃ በዚህ ክፍለ ከተማ ከሐኪም ቤቱ በፊት የሚደረስባቸው ደጆች ናቸው፤ ማንም ከዚያ ደጅ ሊመልሳቸው አይገባም። የምጠይቀው ሁለቱ ደጆች አብረው እንዲከፈቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ መድኃኒታቸውን ጥለው ወደ እንጦጦ ጠበል ለወጡ ሰዎች ቃሉ የሕይወት ነበር። በእስልምና በኩል በ1980 እ.ኤ.አ. ከግብፁ አል አዝሃር የወጣው ፈትዋ በትዳር ያሉ ባልና ሚስት በራሳቸው እንቁላልና የዘር ፍሬ አይቪኤፍ እንዲያደርጉ ፈቅዶ የሦስተኛ ወገንን ከልክሏል። የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን ለመጠየቅ የፈለገ ቤተሰብ ጥያቄውን በትክክል ይጠይቅ፤ የማን እንቁላል፣ የማን ዘር፣ የተረፈው ሽል ምን ይሆናል? እነዚህን ሐኪሙም ከመጀመሩ በፊት ሊያስረዳቸው ግዴታው ነው።

«ለምን ጉዲፈቻ አትወስዱም?» የሚሉም አሉ። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ባህል የወረስነው ክቡር ሥርዓት ነው፤ በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ለአገር ውስጥ ቤተሰቦች ኃላፊነቱ ጨምሯል። ልጅ ግን የሌላ ልጅ ማካካሻ ሆኖ ወደ ቤት መግባት የለበትም። የሕመሙ ቁርጠትም በጉዲፈቻ አይታከምም። ባልና ሚስቱ ሕክምናውን ሲጀምሩ የት ላይ እንደሚያቆሙ፣ ስንት ዙር፣ እስከ ስንት ዓመት፣ ምን ያህል ገንዘብ ብለው አብረው ቢወስኑ ጉዲፈቻን ሙሉ ልብ ይዘው ሊመርጡት ይችላሉ። የሚያቆሙበትን ሳያስቡ የገቡበት ሕክምና ቤት ያሸጣል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሁለቱንም ዝም ያሰኛል።

እንግዲህ በነገው ጠዋት ታክሲ ፖስታ አቅፋ የምትሳፈረው እህት ሐኪሟን ሦስት ነገር ትጠይቅ። ቱቦዎቼ ክፍት ናቸው? እንቁላሌ ምን ያህል ቀርቷል? ከእነዚህ መልሶች በፊት ስለ ቀዶ ሕክምና የምንወስነው ለምንድን ነው? ባሏ ደግሞ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ፣ በጠዋት፣ ከእሷ ጋር አንድ ታክሲ ይሳፈር። ናሙናው ከተሰጠ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ይሰጣል።